ያቺ ጢንዚዛ አሲድ አትረጭም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አነባለሁ። የማነበው ባሕር ዳር ውስጥ ታናሽ እህቴ የከፈተቻት የሴቶች ጸጉር ቤት ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ነው፤ እሷ ሥራ ጨርሳ እስክትዘጋ ድረስ። ሁልጊዜ ከስፖርቱ ነው የምጀምረው። ባለፈው ቅዳሜ ግን ገጹን ስገልጥ አንዲት ጢንዚዛ አየሁና ስፖርቱን ረሳሁት።

ስትነካ ከኋላዋ ትኩስ ኬሚካል ስለምትረጨው፣ እናንተ «ቦምብ ጣይ» ስላላችኋት ጢንዚዛ ነው የጻፋችሁት። ደስ ብሎኝ ጀመርኩ፣ ተናድጄ ጨረስኩ። ጽሑፉ አጭር ነው፣ ሃያ መስመር አይሞላም። በዚያች ቦታ ውስጥ ግን ጢንዚዛዋ «አሲድ ትረጫለች» አላችሁ። ሁለት ኬሚካሎች ለየብቻ ይዛ «ገና ሲነካኩ ይፈነዳሉ» አላችሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነፍሳት ቤት ከገቡ «ወዲያው ጨፍልቆ መግደል» ብላችሁ መከራችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እችላቸዋለሁ። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፣ በየፈተናው ከዚህ የባሰ አነባለሁ። ሦስተኛው ግን ሰው ያስጎዳል። የምጽፍላችሁም በእሱ ምክንያት ነው። ግን ከመጨረሻው ከጀመርኩ ለዛው ይጠፋል፣ ስለዚህ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ከጢንዚዛዋ ጋር እንዴት እንደተዋወቅን ላውጋችሁ። ያደግኩት ዳንግላ አካባቢ ገጠር ነው። ከብት እየጠበቅን ወንዝ ዳር ድንጋይ እንገለብጥ ነበር። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ እረኛ ነህ፣ ድንጋይ አለ፣ ትገለብጠዋለህ። ከሥሩ ትል አለ፣ ጉንዳን አለ፣ ዕድልህ ከጠመመ ጊንጥ አለ። አንድ ቀን ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ጢንዚዛ ወጣችና መሮጥ ጀመረች። በሁለት ጣቴ ያዝኳት። «ጧ!» አለች። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ክብሪት ሲጫር እንደሚሰማው ዓይነት። ከኋላዋ ብን ያለች ጭስ ወጣች። ጣቴን ለብ ለብ አድርጎ ሲያቃጥለኝ ወረወርኳት። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ጣቴ ላይ ደግሞ ቡናማ ነጥብ ቀረ። በአመድ ብለው፣ በአሸዋ ብለው፣ አልለቅ አለ። ማታ እናቴ አይታው ትምባሆ የነካካሁ መስሏት የደረሰብኝን እኔ ነኝ የማውቀው።

እኛ ልጆቹ ለጢንዚዛዋ ስም አወጣንላት። አዘጋጆች ይቅርታ፣ ስሟ «ፈሳሟ» ነበር።

አሁን ወደ ኬሚስትሪው። ፈሳሟ ሆዷ ውስጥ፣ ወደ ኋላዋ ጫፍ ጠጋ ብሎ፣ ሁለት ተመሳሳይ መሣሪያ አላት፤ አንድ በቀኝ አንድ በግራ። እያንዳንዱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው እንደ ፊኛ ለስላሳ የሆነ ከረጢት ነው፣ ዙሪያውን ጡንቻ አለው። ሁለተኛው ትንሽና ጠንካራ ክፍል ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ምን እንደሆነ ያወቀው ጀርመናዊው ኬሚስት ኸርማን ሺልድክኔኽት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ። ሁለት ዋና ነገር አገኘ። ሃይድሮክዊኖን እና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ።

ስሞቹ ያስፈራሉ አይደል? እኔም ለተማሪ ሲነገሩ እንደሚያስፈሩ አውቃለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጋዜጣችሁን አጥፌ ቀና ስል ሁለቱም ፊት ለፊቴ ተደርድረዋል። እህቴ ጓንት አጥልቃ ለአንዲት ደንበኛ የጸጉር ቀለም እየበጠበጠች ነው። ከቱቦው ጨመቅ አደረገች፣ ከጠርሙሱ ደግሞ ነጭ ፈሳሽ ጨመረችበትና በብሩሽ ታማስላለች። ያ ነጭ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ክሊኒክ ቁስላችሁ ላይ ሲያፈሱት አረፋ የሚደፍቀው ራሱ ነው፣ የክሊኒኩ ግን ቀጠን ይላል፣ 3 በመቶ ያህል። የጸጉሩ 6፣ 9፣ 12 በመቶ እያለ ይወጣል። የጢንዚዛዋ 25 በመቶ ገደማ ነው። እህቴ በጓንት የምትይዘውን ነገር እሷ በእጥፍ አወፍራ ሆዷ ውስጥ ይዛው ትዞራለች ማለት ነው።

ሃይድሮክዊኖኑስ? እሱ መስተዋቱ ሥር ነበር። አንዲት ደንበኛ ረስታው የሄደችው ፊት የሚያቀላ ክሬም አለ። ጀርባውን አነበብኩት፣ ፊደሉ የጉንዳን ዓይን ያህላል፣ ግን አለ። በድሮ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ፎቶ የሚያጥቡ ሰዎችም ጨለማ ክፍል ውስጥ ይጠቀሙበት ነበር። በነገራችን ላይ ይህን ክሬም ያለ ሐኪም ለዓመታት የሚቀባ ሰው ፊቱ በመቅላት ፈንታ ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት ሊያወጣበት ይችላል፤ አውሮፓ ኅብረት ከቆዳ መዋቢያዎች ውስጥ ያገደውም በከንቱ አይደለም። እህቴን ስንት ጊዜ ነግሬያታለሁ። «እኔ አልሸጥም፣ ይዘው ነው የሚመጡት» ትለኛለች። እሺ፣ ይሄ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል።

እዚህ ላይ ነው አንዱ ስህተታችሁ። «ለየብቻ ይዛ፣ ሲነካኩ ይፈነዳሉ» ብላችኋል። እህቴ ለየብቻ ትይዛለች፣ እውነት ነው። ቱቦው ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ፣ የሚደባለቁት ደንበኛዋ ወንበር ላይ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ጢንዚዛዋ ግን ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ አደባልቃ ነው የምታስቀምጠው። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ምንም አይሆኑም። ዝም ብለው አብረው ይቀመጣሉ። ለይታ የያዘችው ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ጠንካራ ክፍል ውስጥ ኢንዛይሞች፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ነገሮች አሉ፣ ካታሌዝ እና ፐርኦክሲዴዝ የሚባሉ። የመኪናን ነገር አስቡት። ቤንዚኑ ታንከሩ ውስጥ ሆኖ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አብሯችሁ ይጓዛል፣ አይፈነዳም፤ እሳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ካታሌዝን ማየት ለፈለገ ሰው እኔ ክፍል ይምጣ። በየዓመቱ የማሳያት ነገር አለች። ትንሽ ጥሬ ጉበት ከሥጋ ቤት እገዛለሁ፤ ጾም ከሆነ ጉበት ጠይቄ ከሰው ዓይን ከምገባ ድንች እጠቀማለሁ። ከትፌ ብርጭቆ ውስጥ እጨምርና የክሊኒኩን ፐርኦክሳይድ ጠብ አደርግበታለሁ። ይፈላል! አረፋው ከብርጭቆው አፍ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። የኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ የነበረው ልጅ ሳይቀር ይነሳል። አንዱን ተማሪ ጠርቼ ብርጭቆውን አስነካዋለሁ፣ ሞቅ ብሏል። ከዚያ ስንጥር እንጨት ለኩሼ እፍ ብዬ አጠፋና ፍሙ እንዳለ ወደ አረፋው አስጠጋዋለሁ። ቦግ! ይቀጣጠላል። ኦክስጅን ነው። ጉበቱ ውስጥ ያለው ካታሌዝ ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ወደ ኦክስጅን ፈትቶት ነው፣ ሙቀቱም ከዚያው የመጣ ነው። የጢንዚዛዋ ካታሌዝ ሥራም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የእሷ ፐርኦክሳይድ ስምንት እጥፍ የወፈረ መሆኑና ብርጭቆዋ ክፍት አለመሆኑ ነው።

እንግዲህ ጉንዳን እግሯን ነከሳት እንበል። ከረጢቱን በጡንቻ ጨመቅ ታደርጋለች። ትንሽ ፈሳሽ ወደ ጠንካራው ክፍል ይገባል። ካታሌዝ ፐርኦክሳይዱን ይፈታዋል፣ ፐርኦክሲዴዝ ደግሞ ሃይድሮክዊኖኑን ወደ ቤንዞክዊኖን ይለውጠዋል። የሚያቃጥለው፣ የሚሸተውና ጣቴን ቡናማ ያደረገው ያ ነው። አሲድ አይደለም። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሙቀት ፈሳሹን 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያደርሰዋል፣ ኦክስጅኑ ይገፋዋል፣ ጧ!

ሙቀቱን የለኩት ቶማስ አይዝነርና ባልደረቦቹ ናቸው፣ አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1969። አይዝነር በርሊን ተወልዶ፣ ቤተሰቡ ናዚን ሸሽቶ፣ ኡራጓይ ያደገ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ነፍሳት ምን እንደሚረጩ፣ ምን እንደሚሸቱ ሲያጠና ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2011 አረፈ። እንዲህ ዓይነት ሥራ ደመወዝ እንደሚከፈልበት ልጅ ሆኜ ባውቅ ኖሮ ዛሬ ኖራ የሚያቦነው ሰሌዳ ፊት አልቆምም ነበር።

ጋዜጣውን ድምፄን ከፍ አድርጌ ለእህቴ እያነበብኩላት ሳለ ካስክ ውስጥ የገባችው ደንበኛ ቀና አለችና «እና እሷ ራሷ አትቃጠልም?» አለችኝ። ከሃያ መስመራችሁ ይልቅ ይህች ጥያቄ ትበልጣለች፣ ሳይንቲስቶቹንም ለብዙ ዓመታት ያስጨነቀች ናትና። አንዱ መልስ የክፍሉ ግድግዳ ነው። እንደ ክንፏ መክደኛ ከጠንካራ ቅርፊት የተሠራ ነው። ሌላው መልስ ግን የሚገርም ነው። አንድ ፍንዳታ አይደለም! በጆሯችን «ጧ» ብለን የሰማነው ብዙ ትንንሽ ፍንዳታ ነው፣ በሰከንድ 500 ጊዜ ያህል ተከታትሎ የሚወጣ። ይህን ያሳዩት እነ አይዝነር እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። አብሯቸው የሠራው ደግሞ የመብረቅ ብልጭታ በመሰለ ፍላሽ ጥይትን በአየር ላይ እያለ ፎቶ በማንሳት የሚታወቀው የኤምአይቲው (የአሜሪካው ዕውቅ የቴክኖሎጂ ተቋም) ሃሮልድ ኤጀርተን ነበር። ርጭቱ በሰከንድ 10 ሜትር ያህል እንደሚበር ለኩ። እንግዲህ ቦምብ ካላችሁ አይቀር መትረየስ በሏት።

በየፍንዳታው መሐል ክፍሉ ትንፋሽ ያገኛል። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ከከረጢቱ ይገባል፣ ግድግዳው ይበርዳል፣ ከዚያ እንደገና። ግን በሰከንድ 500 ጊዜ ቫልቭ የሚከፍትና የሚዘጋ ጡንቻ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ2015 የኤምአይቲና የሌሎች ተቋማት ተመራማሪዎች በሕይወት ያለችን ጢንዚዛ ቺካጎ አጠገብ ባለው የአርጎን ቤተ ሙከራ ኃይለኛ ኤክስሬይ ውስጥ አድርገው፣ በሰከንድ 2000 ምስል እያነሱ ሆዷን አዩ። ጡንቻ የለም። ፍንዳታው ራሱ በሩን ይዘጋዋል። ግፊቱ ሲጨምር አንድ ስስ ሽፋን ይነፋና መግቢያውን ይደፍነዋል፣ ግፊቱ ሲወርድ ይላላና ፈሳሹ እንደገና ይገባል። ጢንዚዛዋ የምታደርገው ከረጢቱን መጭመቅ ብቻ ነው። የቀረው በራሱ ይሄዳል። ይህን ለካስኳ ሴትዮ ሳስረዳት ጸጉሯ እስኪደርቅ ሰማችኝ። አመሰገነችኝም። (ካስኩ ውስጥ ሆና ስንቱን እንደሰማችው እንጃ።)

ደግሞ ታነጣጥራለች። አይዝነር ጢንዚዛዋን ጀርባዋ ላይ በሰም በተጣበቀች ቀጭን ሽቦ ይይዝና የኬሚካል ጠብታ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ወረቀት ላይ ያቆማታል። ከዚያ አንዱን እግሯን በወረንጦ ቆንጠጥ ያደርጋል። የቀኝ የኋላ እግሯን ከነካ ወደ ቀኝ ኋላ፣ የግራ የፊት እግሯን ከነካ ወደ ግራ ፊት፤ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ምልክት ልክ ወረንጦው የነበረበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ፎቶ ላይ የአፍሪካዋ ዝርያ በጀርባዋ ላይ አሳልፋ ወደ ፊቷ ስትረጭ ይታያል። የሆዷን ጫፍ እንደ ውሃ ጎማ አፍ ታዞረዋለች፣ በዚያ የማይደረስበትን ደግሞ ጫፏ ላይ ካሉ ሁለት ጋሻ መሰል ነገሮች ላይ አንጥራ ትልከዋለች። ልጅ ሆኜ በሁለት ጣቴ ስይዛት ሁለቱንም ጣቴን ያገኘችው በዕድል አልነበረም ማለት ነው።

ሁሌ ታሸንፋለች ብላችሁ እንዳትጽፉ ግን። ድሯን ክብ አድርጋ የምትሠራው ሸረሪት ጢንዚዛዋ ስትጠመድ ሮጣ አትነክሳትም፤ ቀስ ብላ፣ ሳታስቆጣት፣ በድር ትገንዛትና ነው ወደ ንክሻው የምትሄደው። አሜሪካ በረሃ ውስጥ ያለች አይጥ ደግሞ ሌላ የሚረጭ ጢንዚዛ ስታገኝ ኋላውን አሸዋ ውስጥ ትወትፍና ከራሱ በኩል ትበላዋለች። ቂጡን ቀብሮ ራሱን መብላት! አይጥ እኮ ናት።

ጉርጥ ግን እንደዚህ ብልጠት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 የጃፓኑ ኮቤ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመራማሪዎች የጃፓኗን ፈሳሟ ለጉርጥ ሰጡ። ጉርጡ ምላሱን ዘረጋ፣ ዋጠ፣ አለቀ። ግን ከሆዱ ውስጥ ፍንዳታው ይሰማል። ከጉርጦቹ 43 በመቶ የሚሆኑት ጢንዚዛዋን መልሰው ተፏት። ፈጣኑ በ12 ደቂቃ፣ ዘገምተኛው በ107 ደቂቃ። ልብ በሉ፣ ከአንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ በላይ በጉርጥ ጨጓራ ውስጥ! የተተፉት ሁሉ በሕይወት ወጡ። ኬሚካላቸውን አስቀድመው እንዲጨርሱ የተደረጉት ግን ሁሉም ለማለት ይቻላል እዚያው ቀሩ። ከዚህ ሁሉ እኔን ያሳቀኝ ሌላ ነው። በጃፓን ሰፈር ውስጥ የዚህች ጢንዚዛ መጠሪያ ፍቺው ፈሳም ነፍሳት ማለት ነው። የዳንግላ እረኛና የጃፓን ልጅ ሳይመካከሩ!

አሁን ወደ «አሲዱ»። የት እንዳገኛችሁት የገባኝ ይመስለኛል፤ ሁለት ጢንዚዛ አምታታችሁ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ ካላሃሪ በረሃ አካባቢ፣ ትልቅ ጥቁር ባለ ነጭ ነጥብ ሯጭ ጢንዚዛ አለ። እሱ በርግጥም አሲድ ይረጫል። ፎርሚክ አሲድ፣ ጉንዳን ውስጥ ያለው። ትኩስ አይደለም፣ ፍንዳታም የለውም፣ ጭምቅ አድርጎ ነው የሚልከው፣ በተለይ ወደ ዓይን። አፍሪካንስ ተናጋሪዎች የሰጡት ስም ዓይን ላይ የሚሸና እንደማለት ነው። (በስም ነገር ሰው ሁሉ አንድ ነው።) እዚያው በረሃ ውስጥ የምትኖር አንዲት እንሽላሊት አለች። ግልገሎቿ ጥቁርና ነጭ ሆነው ይወለዱና ጀርባቸውን ቆልምመው፣ እግራቸውን ገትረው፣ ልክ እንደዚያ ጢንዚዛ ይራመዳሉ። አዳኝ «ኧረ ተወው፣ ዓይኔን ሊያጠፋ ነው» ብሎ እንዲያልፋቸው። ሲያድጉ የአሸዋ ቀለም ይይዙና እንደ ማንኛውም እንሽላሊት ይሄዳሉ። ይህን እ.ኤ.አ. በ1977 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ጽፈውታል። ስለዚህች እንሽላሊት አንድ ሙሉ ገጽ ብትጽፉ እኔ ነኝ መጀመሪያ የምገዛው።

ቻርልስ ዳርዊንም ከሚረጭ ጢንዚዛ ጋር ተጣልቷል። ካምብሪጅ ተማሪ ሳለ የዛፍ ቅርፊት ልጦ ሁለት ብርቅ ጢንዚዛ አገኘና በሁለት እጁ አንድ አንድ ያዘ። ሦስተኛ መጣ። እጅ የለም! የቀኙን አፉ ውስጥ ወርወር አደረገው። የሚያቃጥል ነገር ምላሱ ላይ ለቀቀበት፣ እንትፍ አለው፣ ያም ጠፋ፣ ሦስተኛውም ጠፋ። ራሱ ነው የተናገረው። ከእኛ እረኞች በምን ይሻላል?

ይህን ሁሉ ያወራሁት ወደ ሦስተኛው ነገር ለመምጣት ነው። «ጨፍልቆ መግደል» ያላችሁት። ፈሳሟ ቤት ብትገባ ጨፈለቃችኋት አልጨፈለቃችኋት ብዙ ለውጥ የለውም፤ ጣት ታቃጥላለች፣ ቡናማ ታደርጋለች፣ ዓይን ከገባ ደግሞ በብዙ ውሃ ታጥቦ ሐኪም ማየት ነው። ግን አንባቢያችሁ ቤት ማታ መብራት አይታ የምትገባው እሷ ላትሆን ትችላለች። በምሥራቅ አፍሪካ የናይሮቢ ዝንብ የምትባል አለች። ስሟ ዝንብ ነው እንጂ እሷም ጢንዚዛ ናት። ቀጭን፣ ጉንዳን የምትመስል፣ ርዝመቷ ከአንድ ሳንቲሜትር የማያልፍ፣ ብርቱካናማና ጥቁር እየተፈራረቀባት። አትረጭም፣ አትነክስም፣ አትናደፍም። መርዟ ደሟ ውስጥ ነው፣ ፔዴሪን ይባላል። አንገት ላይ ስትሄድ ጠፍ አድርጎ የጨፈለቃት ሰው ያን ጊዜ ምንም አይሰማውም። በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ግን የተጨፈለቀችበት መስመር ይቀላል፣ ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። ያንኑ እጁን ዓይኑ ላይ ካደረገው ዓይኑ ይደፈናል። ኬንያ ውስጥ ዝናብ ሲበዛ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1997 እና 98ቱ ኤልኒኞ ጊዜ፣ ብዙ ሰው ተቸግሮባታል።

እኛ አገር ጠዋት እንዲህ ሆኖ የተነሳ ሰው «ሸረሪት ሸናብኝ» ይላል። ሌላው ይመጣና «አልማዝ ባለጭራ ነው» ይለዋል። ሁሉም የዚህች ጢንዚዛ ሥራ ነው አልልም፤ አልማዝ ባለጭራ ራሱን የቻለ የቫይረስ በሽታ ነው፣ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል። ሸረሪቷን ግን ተዉአት፣ ምስኪን፣ ያልሸናችበትን ስንት ዓመት ተሸክማለች።

ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት እባካችሁ እንዲህ ብላችሁ አርሙልኝ። የማታውቁት ጢንዚዛ ሰውነታችሁ ላይ ካረፈ አትጨፍልቁት። እፍ በሉት፣ ወይም ወረቀት አስጠጉለትና ሲወጣበት ወደ ውጭ። ሳታስቡት ጨፍልቃችሁት ከሆነ ቦታውን ወዲያው በሳሙናና በውሃ እጠቡ፣ በዚያ እጅ ዓይን አትንኩ። ቦታ ከሌላችሁ የአሲዱን እርማት ተዉት፣ ይህቺን ብቻ አውጡ።

ቦታ ከተረፋችሁ ደግሞ ስዊዘርላንድ ዙሪክ ያለውን የኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጨምሩበት። እ.ኤ.አ. በ2014 ከዚችው ከፈሳሟ ተምረው የኤቲኤም መጠበቂያ ፕላስቲክ ሠርተዋል። እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ሽፋን ነው፤ በአንዱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ በሌላው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ፣ መሐላቸው ስስ ልባስ። ሌባ ሲመታው ልባሱ ይቀደዳል፣ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ 80 ዲግሪ የሚደርስ ትኩስ አረፋ ይገነፍላል። ቀለም ከተጨመረበት ብሩንም ያበላሸዋል። የጉበቱ ሙከራ እኮ ነው! ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዱ «ቲቸር፣ እኛ ሰፈር ያለው ኤቲኤም ያለ ሌባም አይሠራም» ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ።

ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለእህቴ አነበብኩላት። ክሬሙን የጻፍኩትን ሰምታ ቅር አላት፣ ግን አውጣው አላለችም። «ፈሳሟ» የሚለውን ግን በጋዜጣ ላይ ነውር ነው፣ አጥፋው፣ የተማረ ሰው አይደለህም ወይ አለችኝ። አላጠፋሁም። እናንተም ባታጠፉት ደስ ይለኛል። ካጠፋችሁት ግን በምትኩ «ቦምብ ጣይ» ብላችሁ እንዳትጽፉብኝ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የኬሚስትሪ መምህር፣ ከባሕር ዳር